የካርቲየ ሰባቱ ሙሴ ገብርኤል

ሙሴ ገብርኤል ማን ነው? በሊዮን ከተማ ተቀምጠው ለዓመታት ስሙን በምስጋና ያነሡት ሰዎች መልኩን አይተው አያውቁም፤ ይህን የሚተርከውም ለጊዜው መልስ የለውም።

በ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ሐምሲን የሚሉት ከበረሃ የሚነሣ ትኩስ ነፋስ ጅቡቲን በአቧራ አልብሷት ነበር፤ ከራስ ዲካ ወዲያ ባሕሩ እንኳ አይታይም። ዘመኑ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ርዳታ በየአገሩ የታጠፈበት ነውና፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ለታመሙና ከየቤቱ ለተባረሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የተከፈተውን ማረፊያ ጉዳይ እንድትጨርስ ወይዘሪት ኤሌኒ ማረፊያውን ይረዳ ከነበረው የሊዮን በጎ አድራጎት ድርጅት ተላከች። ኤሌኒ ካርቲየ አምስት ተወልዳ በልጅነቷ ፈረንሳይ የተወሰደች፣ አማርኛውም ጸሎቱም ግማሽ በግማሽ የቀረላት ሴት ናት። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ኃላፊው ሙሴ ገብርኤል ከተገኘ የቤቱ ፈቃድ በስሙ ይዛወር፤ ካልተገኘ በወሩ መጨረሻ ፈቃዱ ይመለስ፣ ቤቱም ይዘጋ።

በሩን የከፈቱላት በሰው ቤት ሲያገለግሉ የሸበቱት ወይዘሮ ቀጸላ ነበሩ።

«ሙሴ ገብርኤልን ፈልጌ ነበር።»

«ሙሴ የለም፣ ልጄ። ድንበሩ ጋ፣ ጋላፊ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ቆሟል።»

«መኪና ይነዳል እንዴ?»

«ሹፌር ምን ይንዳ ታዲያ፣ መርከብ?»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ የሳቀችው ወለላ ነበረች፤ ከአሠሪዋ ቤት ደረጃ ወድቃ ክንዷ በጀሶ የታሰረ፣ ከዚህ ቤት በቀር መግቢያ የሌላት ልጅ። ኤሌኒ ግን አልሳቀችም። የሊዮኑ ድርጅት መጽሔት ስለ ሙሴ ገብርኤል ሲጽፍ «ፎቶግራፍ መነሣት የማይወዱ ትሑት ሽማግሌ» ይል ነበር።

«ኃላፊነቱን ከያዘ ብዙ ጊዜው ነው?»

«ባንቲሁን? ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። ከእሱ በፊት አለምሰገድ ነበር፤ ከአለምሰገድ በፊት እኔ ነበርኩ።»

«እርስዎ ምን ነበሩ?»

«ሙሴ ነዋ።»

ኤሌኒ የበሩን መቃን ያዘች። ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ እገሌ ሲሉ በሰማችበት ከተማ ተወልዳ፣ እንዲህ ያለውን ቤት በተራ የሚመራ የጽዋ ማኅበር አለቃም ሙሴ እንደሚባል የነገራት አልነበረም፤ ሊዮንም ሙሴውን «ምሲዬ» ብሎ ተርጉሞ አንድ ሰው ፈጥሮ ነበር።

«ገብርኤልስ ማን ነው?» አለች።

ወይዘሮ ቀጸላ በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩ፤ ቀጥለው እሷን አዩ።

«መልአኩ ነዋ። ምነው፣ ፈረንሳይ አልደረሰም?»

ያን ቀን የሰማችውን ሁሉ ማመን ተሳናት። ከሊዮን አልጋና መድኃኒት መምጣት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ቤቱ ግን አንድ ቀን አልተዘጋም። ሹፌሩ ከአዳማ ሽንኩርትና ጤፍ ይጭናል፤ ሠራተኛዋ በዕረፍት ቀኗ መጥታ አንሶላ ታጥባለች፤ ማኅበርተኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቁልፉ ሻይ ቤት ካላት ከኡሙልኸይር ዘንድ ይቀመጣል።

«የገብርኤል ቁልፍ እስላም ጋ?»

«ጎረቤት ጋ» አሉ ወይዘሮ ቀጸላ፣ ነገሩ ሳይገርማቸው።

ኤሌኒ ያየችውን ሁሉ ለሊዮን ጻፈች። ሊዮን ግን የሚፈልገው የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ፈቃድ በመልአክ ስም አይዛወርምና። ባንቲሁን የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ወይዘሮ ቀጸላም የላቸውም። በቤቱ ከነበሩት መካከል፣ እዚያው በመወለዷ የጅቡቲ መታወቂያ በቦርሳዋ የያዘች ራሷ ኤሌኒ ብቻ ነበረች።

በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። የጋላፊ አቧራ ከፀጉሩ ያልወጣው ባንቲሁን በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አንሥቶ የሙሴነቱን ተራ ሊያስረክባት ፊቷ ቆመ።

«የማላምነውን አምናለሁ ብዬ አልዋሽም፣ ጋሼ» አለችው።

«እሱን ከገብርኤል ጋር ተነጋገሪ። ጽዋውን ግን በሁለት እጅሽ ያዢው፤ ትደፊዋለሽ።»

በሁለት እጇ ተቀበለች። በማግስቱ ኡሙልኸይርን ለምስክርነት ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ የኃላፊው ስም በሚጻፍበት ቦታ የራሷን ስም ጻፈች። ወለላንም ከአልጋዋ የሚያስነሣት አልመጣም።

በዚያው ሳምንት የሊዮኑ መጽሔት ወጣ፤ «ምሲዬ ገብርኤል ከረጅም አገልግሎት በኋላ በክብር ጡረታ ወጥተዋል፤ ማረፊያውም ሥራውን ፈጽሞ ተዘግቷል» ይላል። በመዝገብ የቀረው ይኸው ነው፤ ያልተወለደ ሰው ተመሰገነ፤ በተራ የተሸከሙት ግን በአንድም መስመር አልተነሡም።

ኤሌኒ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያም ስልኳን አንሥታ ለሊዮን እንዲህ ስትል ላከች፦

«ጡረታ አልወጣሁም። ቤቱም ክፍት ነው። ሙሴ ገብርኤል።»

መልእክቱ ደረሰ፤ ተነበበም። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።