ሳይጠፋ «ጠፍቷል» የተባለው ኮምፒውተር

አሮጌ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚሸጠው ሰውዬ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ተገኘ። የገዛ መዶሻው እግሩ ሥር ወድቋል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። የሱቅ ሸሪኩ፣ ደግሞም ያለው አንድ ዘመዱ፣ ታናሽ ወንድሙ ነበር፤ እሱ ግን እጁ በካቴና ታስሯል።

ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራት መርማሪ ጉልበቷን እያሸች ከታሳሪው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«‹ዛሬ ሳላጠፋው ቤቴ አልገባም› ብለሃል። ጎረቤታችሁ ፋርማሲስቷ በግድግዳው ሰምታሃለች።»

«ብያለሁ፤ መች ካድኩ?» ድምፁ ተሟጧል። «ኧረ እትዬ፣ ሰው አይደለም ያልኩት! የእሷኑ ኮምፒውተር ነው። ከመሸጡ በፊት የሰው ምስጢር ተርፎ እንዳይገኝ ዲስኩ ላይ ደጋግመን ሌላ ነገር እንጽፍበታለን። እየቆመ አናደደኝ። በስንት መከራ ጨርሼ፣ እሱ ላይ ‹ጠፍቷል›፣ ገና ያልተነካው ላይ ‹አልጠፋም› የሚል ወረቀት ለጥፌ የኤሌክትሪክ ገመድ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ...» አልጨረሰውም።

«የእሷ ላይ የተለጠፈው ‹አልጠፋም› ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አብጃለሁ» አለና አንገቱን ደፋ።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች ሁለት ናቸው። ‹ጠፍቷል› የተባለው የአንድ ርዕሰ መምህር ነው። መርማሪዋ ሦስት ፎቅ ደረጃ እያረፈች ወጥታ ቢሮው ገባች።

«ከሰጠኋቸው ዐሥር ቀኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በሱቁ ደጅም አላለፍኩ» አላት። «ምስኪን! ወንድም በወንድሙ ይጨክን? ለማንኛውም የእኔው ‹ጠፍቷል› ተብሎ ተለጥፎበት የለ? ነገሩ ሲበርድ ለትምህርት ቤቱ መልሼ ብገዛውስ?»

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች አየችው። ደክሟት ይሁን እያሰበች፣ ከፊቷ የሚነበብ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ወንድምየውን ከነካቴናው። መጀመሪያ የፋርማሲስቷን ኮምፒውተር ማብሪያ ተጫነች። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«እንዲህ የተደመሰሰ ማሽን መነሻ ስለሌለው አይከፈትም። የእርስዎንስ ልጫነው፣ ርዕሰ መምህር?»

«ምን ያደርጋል? ጠፍቷል እኮ!»

ተጫነችው። ጥቂት አጉረመረመና፣ በሰልፍ የቆሙ ተማሪዎች ፎቶ ስክሪኑን ሞላው።

«ወረቀቶቹ ቦታ ተለዋውጠዋል» አለች። «ወንድምየው ያጠፋው ያለውን ኮምፒውተር ነው፤ አልዋሸም። ታዲያ ማን ለዋወጣቸው? የራሱ እንዳይከፈት የፈለገ። ይዞት ቢሄድ መጉደሉ ይታወቃል፤ ‹ጠፍቷል› የተባለን ግን ማን ይነካዋል? ያ ወረቀት ደግሞ የተጻፈው ትናንት ነው። ዐሥር ቀን በደጁ ያላለፈ ሰው መለጠፉን በምን አወቀ?»

ርዕሰ መምህሩ ከንፈሩን ላሰ። «ሰው... ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ማን?»

ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ወደ በሩ ጣለ።

«ባለሙያችን ጠዋት አይቶታል፤ የኮምፒውተሩ መጣያ ውስጥ የጣሉት ሁሉ ተመልሷል። ለወደቁ ተማሪዎች ያዘጋጁት የማለፊያ ሰርተፊኬት፣ አንድም ሳይቀር።»

«ሟቹ አስፈራራኝ!» ብሎ ጮኸ። «ደውሎ ‹የእርስዎ አልጠፋም፤ ይምጡና አብረን እናጥፋው› አለኝ! እንዲህ ሲለኝ ምን ልበል? ሊያዋርደኝ ነው ብዬ...»

ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለእኔም ቃል በቃል እንዲሁ ነው ያለኝ» አለች። «ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ ዓይኑ እያየ ቢጠፋለት ሆዱ ይረጋል ብሎ። እኔ ጊዜ የለኝም፣ እናንተው ጨርሱት አልኩት። የሰው ፋይል ከፍቶ የሚያይ ሰው አልነበረም።»

ርዕሰ መምህሩ ወንበር ፈልጎ አጣና መሬት ላይ ተቀመጠ። ያልተዛተ ዛቻ ሰምቶ ነበር ሰው የገደለው።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ዞረ። ፋርማሲስቷ ወንድምየውን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ። የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

«የሰማሽውማ ልክ ነው» አላት። ቁጣም አልነበረበት፤ ቁጣም አቅም ይፈልጋል። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «እትዬ፣ ከቀብሩ እደርስ ይሆን?»

ጉልበቷን ደግፋ ተነሣችና የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

«ና ግባ፣ ልጄ። ሳትደርስ አፈር እንዳይመልሱ ደውዬላቸዋለሁ።»