ከብርጭቆ ያልወጣው ኩላሊት

ነጅማ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ኩላሊቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው የአካል ማብቀያ ጣቢያ ሰባት ብርጭቆ ማሕፀኖች ተደርድረዋል። ከታመመ ልጅ ቆዳ በተወሰደ ሕዋስ አዲስ ኩላሊት የሚያበቅሉ፣ ሞቅ ያለ ፈሳሽ የሚዘዋወርባቸው ዕቃዎች ናቸው። የነጅማ አራተኛው ነው። አጠገቡ ወንበር ስባ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ወገቧ ላይ የታጠቀችው ደም አጣቢ ቀበቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል።

"ዛሬ ስንት ግራም ሆነ?"

"መቶ አስር" አለች የጣቢያው ባለሙያ ሐዊ። "የዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆድሽ ውስጥ ይገባል።"

ነጅማ ከኩላሊቱ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ትኩር ብላ አየችው። "ሐዊ፣ ባለፈው ሳምንት ቢጫ ነበር። ዛሬ ለምን ውሃ መሰለ?"

ሐዊ መቆጣጠሪያውን ተመለከተች። "ሁሉም ደኅና" ይላል። ቢሆንም ልቧ አላረፈም። አንድ ጠብታ ወስዳ በሌላ መሣሪያ መረመረችው። ያስገቡት ፈሳሽ ምንም ሳይጣራ እንዳለ እየወጣ ነበር። ዕቃውን ስትፈታው ሙቀት መለኪያው በሦስት ዲግሪ አሳንሶ ያነብ እንደነበር ደረሰችበት። ማሞቂያው ከልክ በላይ እያሞቀው ኩላሊቱ ሁለት ቀን ሙሉ ከውስጥ ሲበስል ሰንብቷል።

ይህን በመልእክት መንገር አልሆነላትም። የነጅማን እንጀራ እናት ዘሀራን አስጠርታ ሁለቱንም ፊት ለፊቷ አስቀመጠች።

"ኩላሊቱ ሞቷል" አለቻቸው። "ጥፋቱ የእኛ ነው።"

"ሌላ አብቅሉላት!" አለች ዘሀራ።

"ሰባት ወር ይፈጃል። የነጅማ ደም ሥሮች ደግሞ ተጎድተዋል። ቀበቶው ሁለት ወር እንኳ አያደርሳትም።"

ዘሀራ ነጅማን አየት አደረገቻት። "ዱሮ ሰው ለሰው ኩላሊት ይሰጥ አልነበረም?"

ሐዊ ስለዚህ ነገር የምታውቀው ተማሪ ሳለች ካነበበችው ነው። በአገሩ ከሰው ወደ ሰው የመጨረሻው ንቅለ ተከላ ከተደረገ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል። እንዲያም ሆኖ በዚያው ሳምንት በእጁ የሠራ ሰው ስታፈላልግ ዶክተር ኡጁሉን አገኘች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አሁን የሚያስተምሩ ሐኪም ናቸው። የዘሀራን ደም ከነጅማ ደም ጋር አመሳከሩና "ይሆናል" አሉ።

እንቢ ያለችው ነጅማ ናት።

"ከእሷ አልወስድም። አባቴ በዚሁ በሽታ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ እኔን ይዛ ሁለት ዓመት ቆየች፤ እሱ አይበቃም?"

ዘሀራ ፊቷ ተለዋወጠ። "ስሚ። መሄድ ብፈልግ ያኔውኑ እሄድ ነበር። ከአንቺ ምስጋና አልፈልግም። ከአምስት ዓመት በኋላም ቦርሳሽን በር ላይ ጥለሽ ስትገቢ መጮህ ነው የምፈልገው። ገባሽ?"

ነጅማ ሳቋ ከዕንባዋ ጋር አመለጣት። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። "ዶክተር፣ ሰውነቴ አይጣላውም?"

"ይጣላዋል" አሉ ኡጁሉ። "የብርጭቆው የራስሽ ሕዋስ ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም ነበር። የእሷ ግን ለሰውነትሽ ባዕድ ነው። እንዳያጠቃው ጠዋትና ማታ፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ፣ ክኒን ትውጫለሽ። አልዋሽሽም፤ በአንቺ ዕድሜ ያሉ ስንት ልጆች 'ድነናል' ብለው ክኒኑን ሲተዉ ኩላሊቱን ያጡት ነበር።"

"እንግዲያው ክኒኑን የምይዘው እኔ ነኝ" አለች ነጅማ። "ማንም አያስታውሰኝም። እሷም ብትሆን።"

"እሺ" አለች ዘሀራ።

በቀዶ ጥገናው ቀን የሮቦቱ ክንዶች የዘሀራን ኩላሊት ነክተው ቀጥ አሉ። የለመዱት የብርጭቆውን ነው። "ልኩ ያልታወቀ አካል" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

"ክንዶቹን አንሡልኝ" አሉ ኡጁሉ። መርፌውን በገዛ እጃቸው ያዙ። ሦስት ሰዓት ያህል ጎንበስ ብለው ሰፉ። የደም ሥሩን መቆንጠጫ ሲለቁት ግራጫ የነበረው ኩላሊት ከዳር እስከ ዳር ቀላ።  ጥቂት ቆይቶ የሽንት ጠብታ መጣ። ሐዊ ተቀብላ መረመረችው።

"እያጣራ ነው!" ብላ ጮኸች።

ስምንት ወር አለፈ። ሰባቱም ብርጭቆ ማሕፀኖች ሁለት ሁለት ሙቀት መለኪያ ተገጠመላቸው። አንድ ቀን አቶ ገረሱ የሚባሉ፣ የልጃቸው ኩላሊት በሁለተኛው ብርጭቆ የሚያድግላቸው አባት ሐዊን ለብቻዋ አነጋገሯት።

"የእኔን ውሰዱለት።"

የነጅማ ወሬ ከተሰማ ወዲህ እንዲህ ብሎ የመጣ አሥራ አንደኛው ሰው ናቸው። ሐዊ እንደ ወትሮው አስረዳች። "የብርጭቆው ይሻላል፤ እርስዎ አይቀደዱ፣ እሱም ክኒን አይውጥ።"

"ይገባኛል፣ ልጄ። ግን ሁሉን እናንተ ሠራችሁት። እኔ አባቱ ምን ልሥራ?"

ሐዊ ይህን ሙያ የተማረችው ማንም ሰው ከገላው ቆርሶ መስጠት እንዳይኖርበት ነበር። አትስጥ መባልም ሰውን እንደሚያም ያስተማራት አልነበረም።

ለደም ምርመራ መጥታ ወረፋ የምትጠብቀው ነጅማ ቀና አለች።

"ዘሀራ ስለ ክኒኔ አታስታውሰኝም፤ ከልክያታለሁ" አለቻቸው። "ግን እስክውጥ ድረስ ቁርስ አትቀምስም። ሁለት ቀን አርፍጄባት ሁለቱንም ቀን ጦሟን ጠበቀችኝ። ከኩላሊቱ ይልቅ እሱ ነው ልቤን የሚነካኝ።"

አቶ ገረሱ ተሰናብተው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከልጃቸው ጋር፣ በፌስታል ዳቦና ሙዝ ይዘው ተመለሱ። የልጃቸው ቀበቶ የጠዋቱን እጥበት እስኪጨርስ ዳቦውን ሳይቆርሱ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሐዊ ሻይ ብታቀርብላቸው "ቆይ፣ እሱ ይጨርስ" አሉ።