ከታዊያ ኋላ ማን አለ?

«አንቺ ከኋላ!» አለ ፓኒን።

«አልፈልግም! ዛሬ እኔ ነኝ ከፊት!» አለች ታዊያ።

«ከኋላ!»

«ከፊት!»

ካክራ በመሃላቸው ቆሞ ጆሮውን ደፈነ። «ኧረ ቀስ በሉ! እንግዳዋን ትቀሰቅሷታላችሁ!»

እንግዳዋ በቅርቡ የተወለደች እህታቸው ናት። በጋና አገር፣ በአካን ሰዎች ቤት፣ ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ እንግዳ ነው። በስምንተኛው ቀን ስም ይወጣለታል። ያን ጊዜ የቤት ልጅ ይሆናል።

ፓኒንና ካክራ መንታ ናቸው። ቀድሞ የተወለደው ፓኒን ተባለ፤ ታላቁ ማለት ነው። ተከትሎት የመጣው ካክራ ተባለ፤ ትንሹ ማለት ነው።

ከመንታ ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ደግሞ ታዊያ ይባላል። ወንድ ቢሆንም ታዊያ፣ ሴት ብትሆንም ታዊያ!

«ስምሽ ራሱ ይናገራል» አለ ፓኒን። «ከእኛ በኋላ ነው የመጣሽው። ከአንቺ በኋላ ግን ማንም የለም። ስለዚህ ከኋላ!»

ታዊያ ከንፈሯን ነከሰች። ትንሿን ባልዲዋን አነሣች።

በጠባቧ መንገድ ተሰልፈው ውሃ ሊቀዱ ሄዱ።
ፓኒን ከፊት! ካክራ ከመሃል! ታዊያ ከኋላ!

ኪርር! ኪርር! አለ የውሃው መሳቢያ። ፏ! አለ ውሃው።

ሲመለሱም ተሰልፈው ተመለሱ።
ፓኒን ከፊት! ካክራ ከመሃል! ታዊያ ከኋላ!

ከኋላ ሲኬድ የሚታየው የካክራ ጀርባ ብቻ ነው። ወፍ ቢኖር ፓኒን ቀድሞ ያየዋል። ታዊያ እስክትደርስ ወፉ በርሯል።

አባታቸው በግቢው የካካዎ ፍሬ በፀሐይ ያደርቅ ነበር። ሿ! ሿ! እያደረገ ፍሬውን ያገላብጣል።

«አባዬ፣ ስሜን ቀይርልኝ» አለች ታዊያ።

«ምን ሆነሽ ልጄ?»

«የእኔ ስም ከኋላ፣ ከኋላ ብቻ ነው የሚለው። አንበሳ በለኝ።»

«አንበሳ? እኔንም ታስፈሪኛለሽ እኮ!» አባቷ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አያት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ነገ ለእንግዳዋ ስም ይወጣል» አላት በቀስታ። «አያትሽ ሲናገሩ በደንብ ስሚ። ከዚያ በኋላም አንበሳ ልሁን ካልሽ፣ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ሁሉ በግቢው ተሰበሰበ። አያታቸው ናና ሕፃኗን ታቀፉ። ታዊያ ከሁሉም ኋላ፣ ውሃ የሞላ ቅል ይዛ መጣች።

ናና ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። የሕፃኗን ምላስ ነካ አደረጉ።
«ውሃ ስትይ፣ ውሃ ይሁን!»
«ይሁን!» አለ ሰው ሁሉ።

ከዚያ ጣታቸውን መራራ መጠጥ ውስጥ ነከሩ።
«መጠጥ ስትይ፣ መጠጥ ይሁን!»
«ይሁን!»

እኝኝ! ሕፃኗ ፊቷን ጭምድድ አደረገች። ሁሉም ሳቁ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ታዊያ በሹክሹክታ።

«ስታድጊ እውነቱን ተናገሪ ማለት ነው» አላት ካክራ። ፓኒን ሰማ። ትናንት «ከአንቺ በኋላ ማንም የለም» ያላት ትዝ ብሎት እግሩን ተመለከተ።

ናና ሕፃኗን ከፍ አደረጓት። «ማክሰኞ ስለ ተወለድሽ አቤና ነሽ። ደግሞም ንያንኮማጎ ነሽ። አቤና ንያንኮማጎ!»

«ንያን-ኮ-ማ-ጎ!» አለ ሰው ሁሉ።

ታዊያ ወደ አያቷ ተጠጋች። «ናና፣ ንያንኮማጎ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከታዊያ ቀጥላ የመጣች ማለት ነው።»

«ከየትኛዋ ታዊያ?»

«ስንት ታዊያ አለን? ከአንቺ ነዋ! አንቺ ባትኖሪ ይህን ስም ከየት አመጣላት ነበር?»

ታዊያ ሕፃኗን አየች። ከዚያ ዘለለች!

«ከኋላዬ ሰው አለ! ከኋላዬ ሰው አለ!»

«ቀስ በይ! ውሃውን በእኔ ላይ ደፋሽው!» አሉ ናና።

ፓኒን ፊቱን አኮሳተረ። «እኔስ? የእኔ ነገር በስሟ ውስጥ የለም?»

«አንተማ በታዊያ ስም ውስጥ አለህ» አሉት ናና፣ እጅጌያቸውን እየጨመቁ። «መንታ ባትሆኑ ታዊያስ ከየት ትመጣ ነበር?»

አሁን እንግዳዋ እንግዳ አይደለችም። ስም አላት። ከቤትም መውጣት ትችላለች።

ሲመሻሽ እናታቸው ሕፃኗን አዘለቻት። አክስታቸው ቤት ሊወስዷት በጠባቧ መንገድ ተሰለፉ።
ፓኒን ከፊት! ካክራ ከመሃል! ታዊያ ከ…

ታዊያ ዞር አለች። ከኋላዋ እናቷ አለች። በእናቷ ጀርባ ላይ ደግሞ ንያንኮማጎ አለች።

«ከእሷ በኋላስ ማን አለ?» አለች ታዊያ።

ካክራ አንገቱን አስግጎ አየ። «ማንም የለም።»

«እንዲያ ደስ አይልም» አለች ታዊያ። «እኔ አውቀዋለሁ።»

ፓኒን ከፊት ሆኖ ሰማ። ቆመ።

«ምነው ፓኒን? መንገዱን ምራን እንጂ» አለች እናቱ።

ፓኒን ካክራን አለፈ። ታዊያን አለፈ። እናቱንም አለፈ። ከሁሉም ኋላ ሄዶ ቆመ።

ከእናቱ ጀርባ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ገለጥ አሉ። ፓኒንን አዩት።

እሱም ቀስ ብሎ ከትንሿ እህቱ ኋላ መራመድ ጀመረ።