ቁጥሩ ስንት ነበር?

«ቁጥሩ ስንት ነበር?» አለ ቬይኮ ጫካው መሃል ቆሞ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አርባ ሰባት!» ሄልካ ጮኸችበት።

ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ ውስጥ የተተከሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው ምልክቶችን እየፈለጉ መሮጥ የቤተሰባቸው የቆየ ስፖርት ነው። ቬይኮ በአሥራ አምስት ዓመቱ የታምፔሬ ከተማን ታዳጊዎች በሙሉ ጥሎ ይገባ ነበር፤ ካርታውን አንዴ ካየው ይበቃዋል። ባለፈው መኸር ግን ድብርት ያዘው። ከአልጋ መነሳት ከበደው፤ ከትምህርት ቤት ቀረ። አሁን ሕክምናው ረድቶት ይስቃል፣ ይበላል፣ ታናሽ እህቱን ሄልካን ያበሽቃል። ጭንቅላቱ ግን ገና ነው። «ድብርት ማስታወስንም ማሰብንም ያዘገያል» ብላዋለች ሐኪሟ፤ «ስሜትህ ቀድሞ ተመልሷል፤ ይሄኛው ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።»

ሄልካ ይህን ታውቃለች። ግን የቅዳሜው የጥንድ ውድድር ምዝገባ ዛሬ ያበቃል። የክለብ ጓደኛዋ ሳላ ደግሞ ጠዋት «ከኔ ጋር ሩጪ ባክሽ። ወንድምሽ እኮ ፈዟል፣ መጨረሻ ነው የምትወጡት» ብላ ጽፋላታለች። ሄልካን ያበሸቃት ስድቡ ብቻ አልነበረም፤ እሷም ማሸነፍ መፈለጓ ነው።

«ከሳላ ጋር ሩጪ» አለ ቬይኮ ድንገት።

«ማን ነገረህ?»

«ቁርስ ላይ ስልክሽን ጠረጴዛው ላይ ትተሽው ነበር። ፈዘዝኩ እንጂ አልታወርኩም!»

ሄልካ ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሳቀ።

«ስለጮህኩብህ ይቅርታ።»

«ተይው። ሁሉንም አንድ ላይ ለመያዝ ስሞክር ነው የሚጠፋብኝ።»

ሄልካ ካርታውን ተቀብላ፣ የሚቀጥለው ምልክት ብቻ እንዲታይ አድርጋ አጣጠፈችው። ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈችለት።

«በል፣ ድምፅህን አውጥተህ አንብብ።»

«ወንዙን ይዤ... ትልቁ ድንጋይ... ከዚያ ወደ ግራ።»

እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ ሆኑ። ሁለቴ ቆመ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንዳያመልጣት ከቁጥቋጦው ብሉቤሪ የሚባለውን የጫካ ፍሬ እየለቀመች አፏን ሞላችው። ቬይኮ ካርታውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ እንደገና ካርታውን አየ።

«ያውና!»

ብርቱካናማና ነጩ ምልክት ከድንጋዩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። የአምስት ደቂቃው መንገድ ሃያ ፈጅቷል። ቬይኮ ግን ላብ ባጠመቀው ፊቱ እየሳቀ ቁጥሩን ከመዳፉ ጋር ሁለቴ አመሳከረ።

ክለቡ ሲደርሱ አሰልጣኙ የምዝገባ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። «ሰዓት ከሚያዝበት ምድብ ነው ከማይያዝበት?»

ሄልካ «ከማይያዝበት» ልትል አፏን ስትከፍት ቬይኮ ቀደማት።

«ከሚያዝበት» አለና ስሙን ጻፈ። «ዘንድሮ ስንት እንደሚፈጅብኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«አብሮህ የሚሮጠውስ?»

ቬይኮ እህቱን ሳያይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሄልካ አነሳችውና ከስሙ ሥር የራሷን ጻፈች።