ባለአንድ እሾሁና ሚስቱ

የብርጓል በደምበጫ ዳርቻ በሚገኝ የባቄላ ማሳ ውስጥ ተንበርክካ የአንዲት ተባይ ጭን በማጉያ መነጽር ስታይ፣ ከበላይዋ የሰው ድምፅ ሰማች።

«እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«እሾህ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ለእሾሁስ አጥሩ አይሻልሽም?»

ቀና አለች። ረዥም፣ ፈገግታው የሚያምር ወጣት ነው፤ የማሳው ባለቤት። «ማን ልበል?» ብትለው «ይታያል» አላት።

«ምኑ?» አለች ዙሪያዋን እየቃኘች።

«ስሜ ነዋ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የብርጓል የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመመረቂያ ጽሑፍ ታዘጋጃለች። ሥራዋ የባቄላን ጭማቂ የሚመጥጡትን እግረ እሾሃም ተባዮች በመልካቸው መለየት ነው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ላላስተዋላቸው አንድ ይመስላሉ። እሷ ግን ሦስት ዓይነት ናቸው ብላ ደምድማለች፦ ጭኑ ወፍሮ አንድ ትልቅ እሾህ ያወጣው፣ ጭኑ ቀጭን ሆኖ እሾህ የሌለው፣ ጭኑ ላይ ጥቃቅን እሾሆች የተደረደሩበትና ትከሻው የሾለው።

ይታያል ትምህርቱን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አቁሞ የአባቱን መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ዓይኑ ግን ከማጉያዋ አያንስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ተባዮቹን በጠርሙስ ሰብስቦ ይጠብቃታል። ጠርሙሱን ሲቀባበሉ ጣታቸው ይነካካል። ያ ንክኪ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ዓይን ዓይኗን እያየ «የብርጓል፣ ሦስት አይደሉም» አላት። «ሁለት ናቸው። ባለአንድ እሾሁና እሾህ አልባዋ ባልና ሚስት ናቸው።»

የብርጓል እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሣች። እንዲህ እያየ ስለ ተባይ የሚያወራ ሰው የት አለ? የጎጃም ሰው ሰም ሲሰጡት ወርቅ ፍለጋ መቆፈር ልማዱ ነውና ነገሩን ቅኔ ነው ብላ ፈታችው።

«የሁለት ዓመት ድካሜ ላንተ የማሽኮርመሚያ ቀልድ ነው?» ብላ ጥላው ሄደች።

ሁለት ወር ሙሉ አልተመለሰችም። ናፍቋታል፤ እልኋ ግን አላስኬዳት አለ። ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ቆማ የምትከላከልበት ቀን፣ ተማሪዎቹ «ዲፌንስ» የሚሉት፣ ስምንት ቀን ሲቀረው የናሙና ሣጥኗን ከፍታ እንደገና በማይክሮስኮፕ መረመረች። ከእሾህ አልባዎቹ መካከል አንድም ወንድ የለም። ከባለአንድ እሾሆቹም አንዲት ሴት የለችም። ጽሑፏ ሊፈርስ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ያን ሰው ያለ ጥፋቱ ማባረሯ ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደምበጫ ገባች። ይታያል ምንም ሳይወቅሳት በአልጋ አጎበር ወደተሸፈነ ባቄላ ወሰዳት። አጎበሩ ውስጥ ባለአንድ እሾሆቹና እሾህ አልባዎቹ ተቀላቅለው ይርመሰመሳሉ።

«አንድ ጥንድ ብቻ ነበር ያስገባሁት» አላት። «እነዚህ ሁሉ ልጆቻቸው ናቸው። ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁልሽ።»

«ይቅር በለኝ፤ ቅኔ መስሎኝ ነው።»

«የነገርኩሽ ሰሙን ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ወርቁን ልናገር ስል ጥለሽኝ ሄድሽ እንጂ።»

የብርጓል እያለቀሰች ሳቀች። አጎበሩን ከነእንጨቱና ከነተባዮቹ ለዲፌንሱ አብረው ነቀሉት።

በዲፌንሱ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። አባቷ አቶ ኪዳነ ማርያም ከፊት፣ ይታያል ከኋላ ተቀምጠዋል። የብርጓል ድምጿን አጥርታ «ሦስት ብዬ ተሳስቼ ነበር» አለች። ከዚያ አጎበሩን ከነተባዮቹ ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ ባልና ሚስቱን አንድ አደረገች፤ እውነተኛውን ሁለተኛ ዝርያ በትከሻው ሹለትና በጭኑ እሾሆች ነጥላ አሳየች። ፈታኞቹ ተነሥተው አጨበጨቡላት።

«ለመሆኑ ይህን ማን አስተዋለው?» አሉ ዋናው ፈታኝ።

«ያ ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ» አለች በጣቷ እያሳየች። «ስሙ በጽሑፌ ላይ ይሰፍራል። የቀረውን ደግሞ ለአባቴ ነው የምናገረው፦ አባዬ፣ እወደዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አቶ ኪዳነ ማርያም ዞረው ወጣቱን ተመለከቱት።

«አንተ፣» አሉት፣ «ልጄ በሰው ፊት እንዲህ ስትል ዝም ትላለህ? ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

ይታያል ከመቀመጫው ተነሣ።

«እርስዎ ከፈቀዱማ ከደምበጫ ይዣቸው መጥቻለሁ» አለ።

ከአጠገቡ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። የመጀመሪያዋን እልልታ ያቀለጠችው ሙሽራዋ ራሷ ነበረች።