የሻረግ ሜዳን ስም የቀየረው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ጋ ያለኸው፣ አንተም ግባ፤ ጀርባህን ለጨለማ አትስጥ።

ሰዓቱ እንዲሁ እንዳሁኑ ነው። ጨረቃ የለችም። ከወንዙ ወደኛ አገር የምታወጣውን ቀጭን መንገድ ታውቋታላችሁ አይደል? ሾላዋ ያለችበትን? በዚያች መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ቢተው ይባላል፤ የጥንት ጭቃ ሹም ነው።

አገራችን ያኔም የሻረግ ሜዳ ነበረች። የሻረግ ማናት? በክፉ ዘመን ልጆቿን አዝላ መጥታ፣ ጫካውን መንጥራ፣ ምንጩን ቆፍራ ያወጣች ሴት ናት። የተቀበረችውም እዚያችው ሾላ ሥር ነው። ቢተው ሲሾም ምን አለ? «ከዛሬ ጀምሮ አገሩ ቢተው ሜዳ ነው! የሻረግ ያለ ይቀጣል!» አለ። ሹመት አንዳንዱን ሰው ራሱ ላይ ይወጣበታል። ሰዉ ፈርቶ ቢተው ሜዳ ማለት ጀመረ። ላሞቹ ብቻ ግድም አልሰጣቸው።

ያን ሌሊት ሚስቱ ጠጅቱ ምጥ ጠናባት። አዋላጇን እማማ ድንቄን ሊጠራ ወንዝ ማዶ ሮጠ።

«አንተ ቅደም፤ መቀነቴን ታጥቄ እደርስብሃለሁ» አሉት።

ቀደመ። ወንዙን ሲሻገር ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቸብ፣ ቸብ። ባዶ እግር ነው። «እማማ ደረሱልኝ» አለ በሆዱ።

«አገርህ ማን ይባላል ልጄ?»

«እንዴ እማማ! ጠፋዎት? ቢተው ሜዳ ነዋ!»

«አላውቀውም።»

ሄደ፣ ሄደ። ሾላዋን አለፈ። ሄደ፣ ሄደ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሾላዋን! ደግሞ ሄደ፣ ሄደ። አሁንም ሾላዋ!

«አገርህ ማን ይባላል?»

ድምፁ የእማማ ድንቄ አይደለም። ትንፋሹ ማጅራቱ ላይ ነው። ይቀዘቅዛል። አፈር አፈር ይሸታል። እናንተ ብትሆኑ ትዞራላችሁ? እኔ እንኳን ልዞር፣ አሁን ሳወራውም አንገቴ ደርቋል። እሱም አልዞረም።

«ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው! አሳልፊኝ!»

«ወዴት ላሳልፍህ? ስሙን ንገረኛ።»

«የሻረግ ሜዳ!» ብሎ ጮኸ። «አገሬ የሻረግ ሜዳ ነው፣ እናቴ!»

ወዲያው ውሻ ጮኸ። የገዛ ውሻው! የገዛ ደጁ ፊቱ ተገተረ። ዘሎ ገባ። እማማ ድንቄ ግን ቀድመውት ጠጅቱ እግር ሥር ተንበርክከዋል።

«የት ጠፍተህ ነው አንተ ሰው? በታችኛው መንገድ መጥቼ ስንት ዘመኔ! ልጁ ተወልዷል፤ ግን አልጮኸም፤ ትንፋሽ የለውም።»

ቢተው በሩን ሊቀረቅር ዞረ።

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ እማማ ድንቄ ቀና ብለው። «ከኋላህ የቆሙትን ሴትዮ ውጭ ልትዘጋባቸው ነው?»

ውጭ ያለው ጨለማ ብቻ ነው። እሱ ግን የአፈሩ ሽታ መጣበት። ምን ያድርግ? ዓይኑን ጨፍኖ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ይግቡ፣ እናቴ» አለ። «ቤቱም አገሩም የእርስዎ ነው።»

የኩራዙ ነበልባል ዘመመ። ቀዝቃዛ ነገር ትከሻውን ነካው፣ አለፈው።

ልጁ ጮኸ።

እህ! ዛሬ በወንዙ መንገድ የሚሄደው ማነው? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ከኋላ ያለውም ሰው እየዘፈነ ይምጣ፤ ዘፈኑ ከቆመ አትዙሩ።