ታይቷል፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ

የአራዊት ማቆያውን የሚያስተዳድረው ማኅበር መዝገብ ያዥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል፤ የኤሊዎቹ ፋይል ደረቱ ላይ ተበትኗል። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ አቅፎ የኖረውን ሰው፣ ሲሞትም ወረቀት አለበሱት።

«ከመሰላል ወድቆ ነው፤ ምስኪን!» አሉ ሊቀመንበሩ መሐረባቸውን እያወጡ።

ከፖሊስ ጣቢያ የተላከችው መርማሪ ወደ አስከሬኑ ቀረበች። ጣቢያ ውስጥ «እማማ ለምን» ነው የሚሏት፤ ጥያቄዋ አያልቅማ። ጎንበስ ብላ ሟቹን አየችው። ቁስሉ መሀል አናቱ ላይ ነው። ቀና ብላ ደግሞ ጠረጴዛውን ቃኘች፤ አቧራ የጠገበ ብርጭቆ፣ ቀለም የተደፋበት ጨርቅ፣ ከባዱ የማኅበሩ የብረት ማኅተም። ከዚያ ሁሉ ንጹሑ ማኅተሙ ብቻ ነው።

«ማኅተም ይታጠባል እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

«እዚህ ቤት? እኛስ መቼ ውኃ አግኝተን!» አለች ጸሐፊዋ እንባዋን እየጠረገች።

በሩ ተቆልፎ ነው ያደረው። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሊቀመንበሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙና ጸሐፊዋ። መርማሪዋ በሐኪሙ ጀመረች።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል፤ ምን እደብቃለሁ! ማኅበሩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሽማግሌው ለበዓሉ ለሚታተመው የታሪክ መጽሐፍ ብሎ የድሮ ደብዳቤ ሲያገላብጥ ከረመ። ትናንት መጥቶ ‹የድቡን ምርመራ ስትፈርም በሩን አይተኸዋል?› አለኝ። ደሜ ፈላ።»

«የምን ድብ?»

«ከአሥር ዓመት በፊት ከቤቱ ወጥቶ ጠባቂውንና ሁለት ጎብኚዎችን ገደለ። ጠባቂው በሩን ሳይዘጋ ረስቶ ነው ተባለ። እኔም ሊቀመንበሩ ያቀረቡልኝን ፈረምኩ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጸሐፊዋ የጠባቂው ልጅ ናት።»

«እሺ ዶክተር። ሲወጡ ይህን የኤሊ ፋይል ወደ ቦታው ይመልሱልኝ።»

ሐኪሙ ተንበርክኮ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ከተተው። መደርደሪያዎቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልተጻፈም። መርማሪዋ ፋይሉን መልሳ አወጣችና ጸሐፊዋን ጠራች።

«አባትሽን ነገሩኝ፣ ልጄ።»

«ሰው ያስጨረሰ ሰው ልጅ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ ፍርጥም ብላ። «ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ እንኳ ጠፍቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ናቸው አዝነውልኝ ሥራ ያስገቡኝ። የአባቴን መቃብር ረግጬው አላውቅም።»

«ሟቹስ ምን ብሎሽ ነበር?»

«ጋሼ? ትናንት ስወጣ ‹ነገ የማሳይሽ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ግን በደንቡ ይሂድ› አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር።»

እሷም ፋይሉን መልሽ ስትባል ቁጢጥ ብላ ታች አስቀመጠችው።

ከቀትር በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም መዝገብ ቤት ሰበሰበች። የኤሊውን ፋይል ለሊቀመንበሩ ሰጠቻቸው።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህን ወደ ቦታው ቢመልሱልኝ።»

ሊቀመንበሩ መሰላሉን አቁመው ሁለት እርከን ወጡ።

«እንዴ!» አለች ጸሐፊዋ።

«ለምን እንዴ አልሽ?»

«የሚሳቡት ታች ናቸዋ! በእግራቸው የሚሄዱት መሀል፣ የሚበሩት ላይ። ጋሼ መሰላል የሚወጣው ለወፎቹ ብቻ ነው።»

«አያችሁ» አለች መርማሪዋ። «የኤሊ ፋይል ለማውጣት መሰላል የሚወጣ ሰው የለም። ሟቹን በማኅተሙ አናቱን መትቶ፣ ማኅተሙን አጥቦ፣ ከመሰላል የወደቀ ያስመሰለው ሰው ይህን አያውቅም። ቁልፍ ካላቸው ሦስት ሰዎች የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሠላሳ ዓመት ፈረሙ፤ አንድ ቀን ግን እዚህ ገብተው ደብዳቤው የት እንደሚሄድ አላዩም።»

«ባለማወቅ ሰው ይታሰራል?»

«እሱ ብቻውን እንኳ አይበቃም። ሽማግሌው በደንቡ ይሂድ ብሎ ያገኘውን መጀመሪያ ለበላዩ አሳየ፤ ለእርስዎ። ዛሬ ከድቡ ፋይል፣ በተራ ቁጥሩ አርባ ሁለተኛው ደብዳቤ የለም። ግን አንድ ሌላ ደንብም አምልጦዎታል። ሁለት እንስሳ የሚያነሳ ደብዳቤ ፎቶ ኮፒው በሁለቱም ፋይል ይገባል።»

«እሱ ላይ ያለው የድቡ በር ብቻ ነው!» ብለው ጮኹ ሊቀመንበሩ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያቸው።

«ስለ በር ማን አነሳ?» አለች መርማሪዋ። ከመሀለኛው መደርደሪያ የዝንጀሮዎቹን ፋይል ሳበችና የጠባቂውን ደብዳቤ ማንበብ ጀመረች።

«‹የድቡ በር መቀርቀሪያ ከተሰበረ ሁለት ወር ሆነው። በገመድ እያሰርኩት ነው። በተነቃነቀ ቁጥር ጎረቤት ያሉት ዝንጀሮዎች ይጮኻሉ። ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። እባካችሁ፣ እዚህ ሕፃናት ይመጣሉ።› ኅዳጉ ላይ ደግሞ የእርስዎ ጽሑፍና ፊርማ አለ፤ ‹ታይቷል፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።›»

ሊቀመንበሩ መሰላሉ ላይ ቁጭ አሉ። «በቀን ስንት ወረቀት እንደሚመጣልኝ ታውቂያለሽ? ሳላነብ ነው የጻፍኩት። መጽሐፉ ላይ አታውጣው ብዬ ለመንኩት፤ ‹ልጅቷስ?› አለኝ። ደጋግሞ ‹ልጅቷስ?› ሲለኝ… እጄ ማኅተሙ ላይ ነበር።»

ሐኪሙ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን ሸፈነ። ጸሐፊዋ ግን አላለቀሰችም። ወረቀቱን ተቀብላ በአባቷ ፊደሎች ላይ ጣቷን አስኬደች።

«እናቴ ‹ምነው በሩን በዘጋው› እያለች ነው የሞተችው» አለች። «አሁን ይህን ለማን ልንገር?»

ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«ስድስት ዓመት፣ በየጠዋቱ ቢሮዎ እየገባሁ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ስልዎት፣ ምን ይሉ ነበር?»

ይሉ የነበረውን እሷም ታውቀዋለች፤ «ምንም አይደል» ነበር የሚሏት።